አንዲቱን ሥራ ሳይሰብሩ ያሳለፉት የብየዳ መምህር

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው የብየዳ መምህር፣ ሠልጣኞቻቸው «ጋሼ ሰባሪው» የሚሏቸው ሰው፣ ከባልዲ ፋብሪካ ዘበኛ አባታቸውና አትክልት እየቸረቸሩ ቤቱን ቀጥ አድርገው ካቆሙት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሠፈር፣ በአንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ለአባታቸው ምሳ ሊያደርሱ ፋብሪካው ግቢ ገብተው አንድ በያጅ የባልዲ ማንጠልጠያ ሲያጣብቅ በባዶ ዓይናቸው ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ማታ ዓይናቸው አብጦ አልገለጥ አለ። እናታቸው የድንች ቁራጭ እያሰሩላቸው «ያየኸው ይበቃሃል» አሏቸው። አልበቃቸውም።

የስምንተኛ ክፍል ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በሁለተኛነት ተመረቁ። አንደኛ የወጣው ጓደኛቸው ሙያውን ትቶ ጫማ ነጋዴ ስለሆነ «አንደኛው ሸሽቷል፣ ስለዚህ አንደኛው እኔ ነኝ» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲቀልዱ ኖረዋል። ከዚያም የነዳጅ ማጠራቀሚያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ በበያጅነት አገልግለው፣ በተማሩበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ተመለሱ። ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ወርክሾፕ አልተለዩም።

ቅጽል ስማቸው የመጣው ከማስተማሪያ ዘዴያቸው ነው። በእሳቸው ክፍል ሳይሰበር የተመሰገነ ሥራ አልነበረም። ሠልጣኙ ሁለት ብረት በይዶ ሲጨርስ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ያስሩትና መዶሻውን ለሠልጣኙ ለራሱ ያቀብሉታል። «በል፣ የሠራኸውን ራስህ ስበር» ይሉታል። ብረቱ ከመጋጠሚያው ከለቀቀ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ውስጡን ያያሉ፤ እሳቱ የት እንደገባና የት እንዳልገባ እዚያው ይታያል። «ላዩን ማሳመር ቀለም ቀቢም ይችላል» የሚለው ቃላቸው ከክፍሉ ግድግዳ ላይ በኖራ ተጽፎ ነበር፤ የጻፉት ሠልጣኞች ሲሆኑ የትምህርት ቤቱ ቀለም ቀቢዎችም በዚህ ተቀይመው እንደነበር ይታወቃል።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው የትምህርት ቤቱን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አገቡ። ባለቤታቸው የመዶሻ እጀታ እየሰበረ ሌላ ስጡኝ የሚል መምህር አስመርሮኛል ብለው አቤቱታ ለማቅረብ ቢሮ ሄደው፣ አቤቱታው ሳይቀርብ ሽማግሌ እንደተላከባቸው ሲናገሩ ዛሬም ይስቃሉ። ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሽልማት መቁጠር የተለመደ ነው። መምህራችን ግን በሕመማቸው ወቅት ይህን ጽሑፍ ለምትጽፈው የወንድማቸው ልጅ «ሽልማቱን አንብባችሁ የልጅቷን ነገር ብትዘሉት ከሣጥኑ እነሣለሁ» ብለዋታል። የሚያውቋቸው ሁሉ በዚህ ነገር እንደማይቀልዱ ያውቃሉ። ስለዚህ ይነበባል።

ልጅቷን ክፍሉ በሙሉ «ፍንጣሪ» ይላት ነበር። ከሚበየድ ብረት ላይ እንደሚዘለው እሳት ትንሽና ፈጣን ስለነበረች ነው። አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት፣ በአንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ የሆኑት እናቷ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጅ ነበረች። መምህራችን በሠልጣኝ መካከል አላዳላም ይሉ ነበር። ያዳሉ ነበር፤ ሁሉም ያየው ነበር፣ እሷም ጭምር። ቤት መጥተው ራት ላይ የሚያወሩት ስለ እሷ እጅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የላቁ ሠልጣኞችና መምህራን የሚመሰገኑበት ቀን አለው። በዚያ ቀን የእንጨት ክፍሉ ወንበር፣ የልብስ ስፌቱ ካባ ሲያቀርብ፣ የጋሼ ሰባሪው ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ስብርባሪ ብረት ነበር። እንግዶች ግራ እየተጋቡ ያልፉታል፣ ዳይሬክተሩም ያፍራሉ። ፍንጣሪ በምትመረቅበት ዓመት ዳይሬክተሩ «እባክዎ፣ አንድ እንኳ ሙሉ ሥራ እናሳይ» ብለው ለመኗቸው። የእሷ የመጨረሻ ሥራ ብረቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ በቁም የተበየደ መጋጠሚያ ነበር፤ ሽፋኑ እንደተጎነጎነ ፀጉር ያማረ። መምህራችን ሞርሳው አጠገብ ቆመው ብዙ አዩት። ከዚያ መዶሻውን መልሰው ሰቀሉት። «እጄ እምቢ አለኝ» ብለው ነበር በኋላ ለባለቤታቸው። እሷ የላቀች ሠልጣኝ፣ እሳቸውም የላቁ መምህር ተብለው ተሸለሙ፤ ያን ብረት በጋራ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍም ወርክሾፑ በር ላይ ተሰቀለ።

በዓመቱ ፍንጣሪ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የሠራተኛ መቆሚያ ከግድግዳው ዓምድ ጋር በየደች። ከላይ ሆኖ ሊሞክረው የሚወጣ ሰው ሲፈለግ «የሠራሁት እኔ፣ የምወጣውም እኔ» አለች። መቆሚያው ለቀቀ። ሆስፒታል ሳትደርስ ሕይወቷ አለፈ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር።

መምህራችን ፋብሪካው ድረስ ሄደው የወደቀውን ብረት አገላብጠው አዩት። ብየዳው ከዓምዱ ላይ እንደ ደረቀ ሙጫ ተላቆ ነበር። ልጅቷ በቁም ስትበይድ የቀለጠው ብረት ወደ ታች እንዳይፈስባትና ሽፋኑ እንዳይበላሽባት የእሳቱን ኃይል ትቀንስ ኖሯል፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ አልያዘም። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ሽልማቶች ከሚቀመጡበት የመስታወት ቁም ሣጥን ያን የተሸለመ ሥራ አውጥተው፣ ዳይሬክተሩ እያዩ፣ ሞርሳ ላይ አስረው መቱት። በአንድ ምት ለቀቀ። ውስጡ ፋብሪካው ውስጥ ካዩት ጋር አንድ ነበር።

አጣሪዎች መጥተው ትምህርት ቤቱም መምህሩም ተጠያቂ አይደሉም አሉ። ይህን የሰማ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎ» ሊላቸው መጣ። እሳቸው ግን ሽልማታቸውን ለዳይሬክተሩ መልሰው፣ ወደ እናትየዋ ቤት ሄደው፣ ከበር ውጭ ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ መስበር ሲገባቸው እንዳልሰበሩ፣ ሰብረው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ስህተቷን አይታ ታርመው እንደነበር። እናትየዋ እስኪጨርሱ ሰሟቸው። «አንተ ነህ እንግዲህ» ብለው በሩን ዘጉ። ከዚያ በፊት እርስዎ ይሏቸው ነበር።

መምህራችን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ከእኚህ እናት አፍ ይቅርታ የሚል ቃል መስማት። በየዓመቱ ልጅቷ በሞተችበት ቀን ከዚያ በር ቆመው ይመለሱ ነበር። ባለቤታቸው «ሰውዬ፣ ሴትዮዋን እረፍት አትንሷት» ቢሏቸውም አልሰሙም። እልህ ነው ያልንም ነበርን። እልህም ነበረበት።

በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ እናትየዋ በሩን ከፍተው «ግባ» አሏቸው። እርጥብ አንሶላ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ነበር። «ይቅር ልልህ አይደለም። ልጄ ሥራ ላይ ምን ትመስል ነበር? እኔ ያየሁት የተቃጠለ እጅጌዋን ብቻ ነው» አሏቸው። መምህራችን ተቀምጠው አወሩ። የፊት መከላከያው ማስክ ይሰፋት ስለነበር ከውስጥ ጨርቅ ትጠቀጥቅ እንደነበር፣ ስትበይድ እንደምታንጎራጉር፣ ሥራዋ ሲሰበር አኩርፋ ምሳ ሳትበላ እንደምትውልና ማምሻውን ተመልሳ ሌላ ብረት እንደምትጠይቅ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይሄዱ ጀመር። አንሶላ እያጣጠፉ ያወራሉ። በየጊዜው ሲነሡ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ እናትየዋም በየጊዜው «አላልኩህም፣ ደኅና ግባ» ይሏቸዋል።

መምህራችን ሁለቱን ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው፣ ሦስት የልጅ ልጆች አይተው በጡረታ ተገለሉ። ብዙ ሳይቆይ የብየዳው ጭስ የተጠራቀመበት ሳንባቸው ደከመ። ባለፉት ወራት ያለ ኦክስጅን መተንፈስ አቃታቸው። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ሴት ልጃቸው ሄዳ እናትየዋን ጠራቻቸው።

ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ቃል ነበር።  እሳቸውም ዓይናቸውን ከእናትየዋ አልነቀሉም። እናትየዋ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። «ያን ነገር ጠብቀህ ከሆነ ይዤ አልመጣሁም። ሞክሬው ነበር፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ» አሏቸው። ከዚያ «ሰው ሁሉ የልጄን ስም ፊቴ መጥራት ይፈራል። የሚያወራልኝ አንተ ብቻ ነበርክ። አሁን ጥለኸኝ ስትሄድ ማን ያወራልኛል?» ብለው አለቀሱ። መምህራችንም አለቀሱ። ከዚያ የአፋቸውን ጭንብል አንሥተው፣ ከዚህ በፊት ያልነገሯቸውን፣ ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን ኤሌክትሮዱ፣ የብየዳው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆባት እንዴት እንደተሳደበች ነገሯቸው። እናትየዋ ሳቁ። መምህራችን በማግስቱ ሐሙስ ንጋት ላይ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና አንድ እህታቸውን በሐዘን ትተዋል። በራሳቸው ጥያቄም የፍንጣሪ እናት ከሐዘንተኞቹ ጋር ተጽፈዋል።

መምህራችን በመጨረሻው ሌሊት የተዉት አደራ አለ። ከፍንጣሪ ጋር የሠለጠናችሁ፣ ዛሬ እዚህ መሐል ያላችሁ፣ እናትየዋ ከሴቶቹ ጋር፣ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው መደዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከቀብር በኋላ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። ስለ ልጃቸው የምታውቁትን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሄዳችሁ አውሩላቸው።

ፈጣሪ የመምህሩንም የተማሪዋንም ነፍስ በአንድ ላይ ያሳርፍ፤ ለቀረነው ሁሉ፣ ይልቁንም ለእኚህ እናት፣ መጽናናትን ይስጥ።