ከጥቁር ሹራብ የወጣ ነጭ ኮሌታ

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኮተቤ

ዛሬ ለዕድር ስብሰባ የወጣሁት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ከላዩ ጥቁሩን ሹራብ ደርቤ ነው። ወይንሸትን ከቀበርናት ስምንት ወር ሆነ። እስከ ትናንት ሸሚዜም ሹራቤም ጥቁር ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ግን ጥቁር በጥቁር ከለበስኩ ከበር ትመልሰኝ ነበር። «ፊትህ ጠፋ፤ ነጩን ከሥር አድርግ» ትለኛለች። ከእንግዲህ የእሷን ቃል ለሰው ብዬ አልሽርም።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ገና ከዕድሩ ግቢ በር ስታየኝ ወደ ጥግ ጎተተችኝ።

«አንተ! ሙት ዓመቷ ሳይደርስ?»

«ሹራቡ ጥቁር አይደል?»

«ኮሌታው ነዋ! አራት ወር መታገሥ አቃተህ? ሊያገባ ነው ይሉሃል እኮ!»

«ይበሉ።»

«እኔንስ ምን ይሉኛል?»

ይህን እያለች ኮሌታዬን እንደ ሕፃን ልጅ በጣቶቿ ወደ ሹራቡ ውስጥ ትከተው ጀመር። ሰው ሁሉ እያየ መልሼ አወጣሁት። እሷ አኩርፋ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። እኔም ሆን ብዬ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ስብሰባው እስኪያልቅም አልተነሣሁም። ሐዘኔን የሚለካልኝ ሰው አልቀጠርኩም።

ነገም ለሥራ እንዲሁ ለብሼ እወጣለሁ። የኮሌታው የግራ ጫፍ ብቻ አስቸግሮኛል። አልተኛ ብሎ ሽቅብ ይነሣል። ከመስታወት ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ስወጣ በር ላይ በአውራ ጣቷ የምታስተኛልኝ ወይንሸት ነበረች።