ደረቁ ወንዝ ላይ የነደፍከው ካምፕ

አፍንጮ በር፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ ኢንጂነር ዘገዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ተብዬ ስላደግኩ ነው እንጂ ወድጄህ አይደለም። ልጄን ክርስትና ካነሳህ ጀምሮ አንቱ እያልኩህ ኖሬአለሁ። ከዛሬ ወዲያ ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ባለቤቴን ካሕሳይን ያሳሰርከው አንተ ነህ። በረሃ የሚሠራውን የመድፍ መሞከሪያ ጣቢያ አብራችሁ ነው የያዛችሁት፤ እሱ መሬቱን ቀየሰ፣ አንተ ፒያሳ ቢሮህ ተቀምጠህ ነደፍክ። አንድ ቀን እንኳ ሄደህ ቦታውን አላየህም። እዚያ አቧራ እንጂ ማኪያቶ የለማ!

የፋሲካ ለት ቤቴ መጥተህ፣ ዶሮዬን በልተህ፣ ፕላኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋህ። ካሕሳይ አየት አደረገና፣ «ኧረ ኢንጂነር፣ የወታደሩን ካምፕ ያስቀመጡት እኮ ደረቅ ወንዝ ላይ ነው። ክረምት ደጋው ሲዘንብ ደራሽ ጎርፍ ይወርድበታል። ወደ ጉብታው እናውጣው» አለህ።

አንተ ሳቅህ። «በረሃ ላይ ደግሞ የምን ውሃ ነው? ሜዳው ተስተካክሎ ተኝቶልናል። ጉብታ ስንደለድል ብንከርም አሥረኛው የአብዮት በዓል ያመልጠናል» አልክ። ወጥ እየጨመርኩልህ በጆሮዬ ሰማሁ።

ነሐሴ ላይ ደራሹ መጣ። የተኙትን ወታደሮች ከነድንኳናቸው ጠርጎ ወሰዳቸው። እናት አላቸው እኮ! አንተ ግን አጣሪ ኮሚቴው ፊት ምን አልክ? «ቀያሹ ወንዙን ደብቆኛል፤ አሻጥር ነው፤ የመጣበትንም አገር አትርሱ።» የትግራይ ሰው መሆኑን ማስታወስህ ነው። አፍህ እንዴት እሺ አለህ? የበላበትን ወጪት ሰባሪ! ሰው ይሳሳታል፣ እሺ። ስህተቱን አበልጁ ራስ ላይ የሚያራግፍ ግን የት ታይቶ ያውቃል? ሰኞ ይፈረድበታል። በአሻጥር የተያዘ ሰው ምን እንደሚፈረድበት አንተም እኔም እናውቃለን። ይገድሉታል፣ ዘገዬ!

ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ የሰማሁትን ተናገርኩ። «የሚስት ምስክርነት አይረባም፣ ሌላ ሰው አምጪ» ብለው መለሱኝ። ቢሮህ መጣሁ፤ በጸሐፊህ «የለም» አስባልክ። ኮትህ መስቀያው ላይ ነበር።

ስለዚህ ትናንት ሥላሴ ጀርባ እናትህ ዘንድ፣ እማማ የሺዓለም ዘንድ ሄድኩ። ያን ፋሲካ ከጎንህ ተቀምጠው አብረውን ፈስከዋል፤ አንተ ረስተሃቸው ይሆናል። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። «ልጄ ነው እኮ፣ የት አባቴ ልግባ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ቆይተው እንባቸውን ጠረጉና፣ «ያን ለት ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። ሰኞ መጥተሽ ውሰጂኝ» አሉኝ።

እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ቀድመሃቸው እውነቱን ተናገር፤ አለዚያ የወለዱህ እናት ፊትህ ቆመው ይመሰክሩብሃል። ለአንተ አላዝንም። የማዝነው ለሳቸው ነው።

ሰኞ ክንዳቸውን ይዤ እመጣለሁ።

ለተኪዳን፣ የካሕሳይ ሚስት