ኮንራድ ሂልገርት፦ በባዶ እጃቸው የቀለቡት

አጎታችን አቶ ኮንራድ ሂልገርት ከአባታቸው ከአንጥረኛው ከአቶ ዮስት ሂልገርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦቲሊ በፔንሲልቬንያ፣ እዚሁ በሃርሞን ፎርድ፣ በ1860 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብና መዝሙር ተምረው፣ ገና በልጅነታቸው ብረት ማቅለጫው ገቡ።

በ1884 ዓ.ም. የማቅለጫው ባለቤት በደመወዝ የሚጫወት የቤዝቦል ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ኮንራድ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚይዝ ቀላቢ፣ የልብ ጓደኛቸው ባርኒ ኮስግሮቭ ደግሞ ለመቺው ኳስ የሚልክ ወርዋሪ ሆነው ተቀጠሩ። በእኛ ቡድን ጓንት ማጥለቅ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ባርኒ የሚወረውሯትን ኳስ ኮንራድ በባዶ እጅ ሲቀልቡ ጣቶቻቸው ተራ በተራ ተሰብረው እንደ ዝንጅብል ተጣመሙ። እሳቸው ግን በዚያ በጋ የሳቁትን ያህል በዕድሜያቸው አልሳቁም።

ተመልካች እየጠፋ ሲሄድ ባለቤቱ "ይህችን ጨዋታ ካሸነፋችሁ እስከ መኸር አቆያችኋለሁ" አሉ። በጨዋታው ማብቂያ መቺው ወደ ሰማይ የላካትን ኳስ፣ ኮንራድ አጥር ሥር በሕዝቡ እግር መካከል ተወርውረው ያዟት። መሬት ሳትነካ ከተያዘች ድሉ የእኛ ነው፤ ከነካች ግን መቺው ዳግም ይመታል። ዳኛው አንድ ብቻ ነበሩ፤ አቧራው ጋረዳቸው። ዳኛ ያላየውን ተጫዋቹን መጠየቅ የጊዜው ልማድ ነበር።

"ሂልገርት፣ መሬት ነክታለች?"

"ነክታለች፣ ጌታዬ።"

መቺው ቀጣዩን ውርወራ አጥር አሻገረ፤ ተሸነፍን። በሳምንቱ ቡድኑ ፈረሰ። ባርኒም "ዝም ብትል ምን ትሆን ነበር? አንተ ልትጸድቅ እኛ እንበተን?" ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። በአንድ ማቅለጫ እየሠሩ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ ለአጎታችን ግን ሌሊቱ ረዘመ። ከጣቶቻቸው ስብራት ይልቅ ያመማቸው ይህ ነበር።

በ1886 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሮዚና ፍሬይ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሄድቪግንና ክላራን ወለዱ። ጣቶቻቸው አልታዘዝ ስላሏቸው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት የሚቆልፉላቸው ወይዘሮ ሮዚና ነበሩ። እሳቸው በ1917 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አጎታችን ለልጆቻቸው መንገር አፍረው ደረታቸውን ለውርጩ ሰጥተው ይወጡ ጀመር። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ባርኒ አስቆሟቸው።

"ቀና በል፣ አንተ ግትር። ጣቶችህን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው እቆልፍልሃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ባርኒ ጠዋት ጠዋት ከአጎታችን ቤት ቀርተው አያውቁም።

አቶ ኮንራድ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። በዋዜማው ባርኒ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው "ኮኒ፣ ያቺ ኳስ... እኔም ከቆምኩበት አይቻት ነበር። ነክታለች" አሏቸው። አጎታችን ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አውቃለሁ፤ ስታይ አይቼሃለሁ" ብለው ፈገግ አሉ። የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ሁለት ሴት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ዛሬ ጠዋት የመግነዣ ሸሚዛቸውን ቁልፍ የቆለፉት ባርኒ ናቸው። የካቶሊክ ቄሳቸው ወደ እኛ ወደ ፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገቡ ስለከለከሏቸው፣ አሁን በዚህ ብርድ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሣጥኑን ይዘን ስንወጣ ፊተኛው መያዣ የእሳቸው ነውና፣ እባካችሁ መንገድ ክፈቱላቸው።

የእውነት አምላክ የኮንራድን ነፍስ በእጁ ይቀበላት።