በየአራት ሰዓቱ የሚሰጥ ማርከሻ

ሰኞ

በደም ሥር የሚሰጠው የፓራሲታሞል መመረዝ ማርከሻ የለም። የፋርማሲያችንን መጋዘን ሁለቴ ፈተሽኩ፣ ለሌሎች ሆስፒታሎችም ደወልኩ። የለም።

በሽተኛዋ ፋጡማ ትባላለች፤ ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ጥርሷን አሟት ሁለት ቀን ሙሉ ፓራሲታሞል ስትውጥ ነበር። አልሻል ሲላት የጉንፋን ክኒን ጨመረች። ጎረቤቷ ደግሞ ሌላ ማስታገሻ ሰጠቻት። ሦስቱም ውስጥ ያለው ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ማንም አልነገራትም። ዛሬ ጠዋት እያስመለሳት መጣች። ጉበቷ ተጎድቷል።

ለዶክተር ሰለሞን የሳል ዱቄቱን አሳየሁት፤ አክታ የሚያቀጥነውን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን። ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው ማርከሻው ነው።

"ሐያት፣ በሳል መድኃኒት ጉበት ላድን?" አለኝ።

መመሪያውን ከፍቼ ሰጠሁት። መጀመሪያ ከፍ ያለ መጠን፣ ከዚያ የዚያ ግማሽ በየአራት ሰዓቱ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ። አንብቦ ሲጨርስ "በይ ጀምሪ" አለ።

መቆም ስላልቻለች ክብደቷን በዓይኔ ገመትኩ። ስልሳ ኪሎ። ባለ ስድስት መቶ ሚሊግራሙን አሥራ አራት ፓኬት በጠበጥኩ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። አራት ሰዓት ላይ ጠጣችው። የቀረን ሃያ ስድስት ፓኬት ብቻ ነው። ልጇ ሰሚራ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ይዛ፣ ከከዚራ ሰፈር እስከ ሳቢያን ሰፈር ያሉትን ፋርማሲዎች ልትዞር ባጃጅ ያዘች።

ማክሰኞ

ዛሬ ተደግፋ ቆመች። ሚዛን ላይ አወጣናት፤ ሰባ ሁለት ኪሎ።

ከትናንት ጀምሮ አሳንሼ እየሰጠኋት ነው። ለዶክተሩ ሄጄ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። "ጎደለ እንጂ አልበዛም። አስተካክይው" ብቻ አለ። የጎደለውን ወዲያው ጨመርንላት። ከሰባት ፓኬት ወደ ስምንት ተኩል ከፍ አልን።

ሰሚራ ትናንት ማታ በላስቲክ ሙሉ ፓኬት ይዛ ነበር የተመለሰችው። አንዱ ፋርማሲስት "ይሄን ሁሉ የሚያስል ማነው?" ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ረቡዕ

አስመለሳት። ከጠጣች ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ሙሉው ይደገማል።

"ወላሂ አልጠጣም፣ ተዪኝ አቦ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰሚራ በኦሮምኛ ለመነቻት።

ከነርሶቹ ጋር ተመካከርን፦
- መጀመሪያ የማስመለሻ ማቆሚያ መርፌ
- ከጁስ ቤት በረዶ
- በውሃ ፋንታ ቀዝቃዛ ኮላ
- ክዳን ያለው ኩባያና ስትሮ፣ ሽታው እንዳይደርሳት

ጠጣችው። ሰዓቴን እያየሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሆዷ ውስጥ ቀረ።

ሐሙስ

አሥራ ሰባተኛውን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠጣች። ደስታዬ እስከ ሦስት ሰዓት ነው የቆየው። የጉበቷ ጉዳት መለኪያ ቁጥር ከሰኞው ጨምሮ መጣ። የዓይኗ ነጭም ቢጫ ሆኗል።

"መመሪያው የሚለውን ጨርሰናል" አለ ዶክተር ሰለሞን።

"ጉበቷ ግን አልጨረሰም። ቁጥሩ መውረድ እስኪጀምር እንቀጥል" አልኩት።

አስተማሪው ለነበሩት ሐኪም ደወለ። ረጅም አወሩ። ስልኩን ሲዘጋ "ስንት ፓኬት አለሽ?" አለኝ።

ኮሪደር ላይ ሰሚራ እጄን ያዘችኝ። "ሐዩ፣ እናቴ ትድናለች?" አዎ ልላት ፈለግኩ። "መድኃኒቱን አላቆምንም" አልኳት። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረኝም።

ዓርብ

ውጤቱን ለማምጣት ላቦራቶሪ ራሴ ሄድኩ። ወረቀቱን እየተራመድኩ ማየት ፈራሁ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁት። ወርዷል። ብዙ አይደለም፣ ግን ወርዷል። ደሟም ከትናንት በተሻለ ፍጥነት እየረጋ ነው፤ ጉበቷ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው።

"እንግዲህ ይበቃል?" አልኩት ዶክተሩን፣ ልፈትነው።

"እስከ ነገ እንቀጥል" አለ። አሁን እሱ ሆነ እኔን የሚገፋፋኝ።

ፋጡማ ከሰዓት ሙዝ ጠየቀች፤ ግማሹን በላች። ዓይኗ ገና ቢጫ ነው። ነገ ጠዋት እንደገና ደም ይወሰዳል። ቁጥሩ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ወርዷል፣ አልሐምዱሊላህ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተጋደምኩ፤ ይህን የምጽፈው እንደተኛሁ ነው።