ዘበነን የማያውቅ ሰርቨር

ይድረስ ለትልቋ እህቴ፣ ጄኔቭ፤

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የሐይቁ ንፋስ የሚያስነሳብሽ ራስ ምታት እንዴት ነው? ባልሽስ ደህና ነው? ሰላም በይልኝ፤ በፎቶ ወድጄዋለሁ፣ ጆሮው ብቻ ትንሽ በዝቷል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም ደህና ናት፤ እሱን እንኳ አንቺም ታውቂያለሽ። እዚህ አድሊስቪል ውስጥ እንደኛ ቤት ልብስ የሚያጥብ የለም። ምድር ቤት ማጠቢያ ክፍል ወርዳ ስትደውልልሽ አባባ የማያውቅባት ይመስላታል። እሱም የማጠቢያ ተራችን ባልሆነ ቀን ንጹሕ አንሶላ ታቅፋ ስትወርድ እያየ እንዳላየ ጋዜጣውን ይገልጣል።

ስምሽ ዛሬም በቤታችን አይነሳም። ሽማግሌ ሳይላክብኝ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ፈረመች የሚለውን ግን አባባ እንደ ጸሎት ጠዋት ጠዋት ይደግመዋል።

የምጽፍልሽ ስለ ሰርቨሩ ነው። ያ ኦርሊኮን፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ክፍል ጥግ ላይ የተከልሽው አሮጌ ኮምፒውተር። አዲስ የጾምና የበዓል ቀን ሲገባለት ራሱ ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ፣ ራሱ ፈትሾ፣ ራሱ ወደ ሰዉ ስልክ የሚልከው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ጸሐፊያችን ጋሽ ገረመው የዘንድሮን ቀኖች ሞላ፤ ሰርቨሩ ቀይ ሆኖ ቆመ። ማኅበርተኛው ሁሉ ስልኩን አምኖ የሚጾም ስለሆነ ጉድ ፈላ። ጋሽ ገረመው ራሱ፣ ቀኑን በገዛ እጁ አስገብቶ ሲያበቃ፣ ስልኬ አልነገረኝም ብሎ በመጀመሪያው ሰኞ ሰርቬላ ቋሊማ ሲገምጥ ተያዘ።

ቅዳሜ አባባ እኔን ይዞ ሄደ። ኦፕፊኮን ሄጄ የኮምፒውተር ሌረ፣ ያን የሥራ ላይ ሥልጠና፣ ከጀመርኩ ወዲህ ፕሪንተሩ ያሳለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ብታያቸው! አባባ፣ ጋሽ ገረመውና ጋሽ አስፋው ኮት ለብሰው፣ በሰርቨሩ ፊት ወንበር ደርድረው ሲቀመጡ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የመጡ ይመስላሉ። ጋሽ አስፋው ከዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ የተሰደደ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር በቆመ ቁጥር ከጀርባው ካድሬ አለ ባይ ነው። ጋሽ ገረመው ሶኬቱን ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ደግሞ ይነቅላል። ጠበል ቢጤ ብንረጨውስ ያለው ማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ አባታችን ነው።

ቀዩን ጽሑፍ ግን ያነበበ የለም። ለምን አታነቡትም ብላቸው፣ አንቺ ልጅ፣ ስድብ ምን ይነበባል አለኝ ጋሽ አስፋው።

እኔ አነበብኩት። እታለም፣ የገረመኝ ያኔ ነው። አንድ ነገር ከጎደለው የተበላሸ ሥራ ወደ ሰው አይልክም። ይቆምና የት ላይ እንደቆመ፣ ምን እንደጎደለው፣ ማንን እንደሚፈልግ ይናገራል። በቤታችን እንዲህ የሚናገር ሰው የለም። ወደ ላይ ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ የሠራሽው ሁሉ ይታየኝ ጀመር፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ ያ የሚቀጥለውን ይቀሰቅሳል፣ የሰው እጅ ሳይነካው። ይሄን ሁሉ አጠገቤ ተኝተሽ፣ ብርድ ልብሱን እየሳብሽብኝ ነው የሠራሽው?

አባባ፣ ምን ይላል? አለኝ። ዘበነ የሚባል ሰው አላውቅም ይላል አልኩት።

ብድግ አለ። ማንን? እኔን? የማኅበሩን ሊቀመንበር? የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁለትን?

ጋሽ ገረመው ሳል ያዘው። ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። መስከረም ላይ አባባ በጋብቻሽ ተናዶ ስሟን ከማኅበሩ አጥፋልኝ ብሎት ኖሯል። ጋሽ ገረመው እንደምታውቂው የተባለውን እስኪያደርግ ወራት ይፈጃል፤ ከገና በኋላ ትዝ ሲለው፣ እዚህ ሀገር ሰው የሚፈለገው በቤተሰብ ስም ነው ብሎ፣ ከሰርቨሩ ማዋቀሪያ ውስጥ ዘበነ የሚለውን ካገኘበት ሁሉ ፋቀው። አንቺ ደግሞ በወረቀት የቤተሰብ ስምሽ ያው የአባባ ስም፣ ዘበነ ነው፤ ሰርቨሩም የሚያውቅሽ በዚያው ነው። አንቺን ለማጥፋት የአባባን ስም አጠፋ።

ይህን ሳስረዳው አላመነኝም። ማን ምን እንደሠራ ሰርቨሩ ስለሚያስቀምጥ የድሮውን ከፍቼ አሳየሁት። ዘበነ ይህን ጨመረ። ዘበነ ያንን አቃና። ዘበነ የፋሲካን ቀን አረመ። ወደ ታች ብወርድ ብወርድ ማለቂያ የለውም። አባባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ይሄ ሁሉ በኔ ስም ነው? አለኝ። አዎ አልኩት። ከትራም ተቆጣጣሪ ጋር በጀርመንኛ የሚከራከረው አባታችን፣ እታለም፣ ወንበሩን ስቦ ወደ ሰርቨሩ ተጠጋ።

ጋሽ ገረመው የፋቀውን መለስኩት። ስምሽ ሲገባ ሰርቨሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዱ አንዱን ቀሰቀሰ፣ አረንጓዴ ሆነ። ወዲያው የሦስቱም ስልክ በየኪሳቸው አንድ ላይ ጮኸ፤ ጾም ገብቷል። ጋሽ አስፋው አማተበ። ጋሽ ገረመው፣ አሁን ነው እንዴ የምትነግረኝ ብሎ ስልኩን ተቆጣው።

አባባ ብቻ አልተሠራም አለ። አረንጓዴ ነው እኮ አባባ አልኩት። ለኔ ቀይ ነው የሚታየኝ፤ የተከለው ሰው መጥቶ ሳያየው ተሠራ አይባልም ብሎ ኮቱን ቆለፈ።

እንግዲህ በሚመጣው ቅዳሜ ጋሽ ገረመውና ጋሽ አስፋው በባቡር ወደ አንቺ ይመጣሉ። ስለ ሰርቨሩ ሊጠይቁሽ ነው ተብሏል። ለሰርቨር ጥያቄ ነጭ ጋቢ ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ተባልኩ። የጾም ምግብ ይዘጋጅ፤ ቋሊማ ቤት ውስጥ ካለ ከጋሽ ገረመው ዓይን ሰውሪው። አባባ አብሮ አይመጣም። ግን ዛሬ ጠዋት ጫማውን እየወለወለ፣ ማንንም ሳያይ፣ ጄኔቭ በዚህ ሰሞን ይበርዳል እንዴ አለ። እማማ ወዲያው ልብስ ልታጥብ ወረደች።

አደራሽን እዚያው ተቀምጠሽ እንዳትመልሺላቸው። ኦርሊኮን መጥቼ በዓይኔ ካላየሁት አይሆንም በያቸው። ሰርቨሩ እንደሆነ ደህና ነው።

እመቤታችን ከነባልሽ በጥላዋ ትጋርዳችሁ፤ ጾሙን በሰላም አስፈጽማ በአንድ ገበታ ለመፈሰክ ታብቃን።

ብርድ ልብሱ አሁን ሙሉ ለሙሉ የደረሳትና ያልሞቃት

ታናሽ እህትሽ