ጎንደር ለቀረሽው ለማርታ

ማርታዬ፣ አንቺ ልጅ፣ እንዴት ከርመሻል? ሰማንያ ያለፋትን ሴት፣ ልጅ ብሎ የሚጠራ ካንተ በቀር የለም ትይኝ ነበር። ዛሬም የለም። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲያነጋግረኝ እመልሳለሁ። ከዚያ በላይ ምን ይሰማሃል ብትዪኝ አላውቀውም።

ቤታችን አለ። ከሽሽት ስመለስ በሩ ተሰብሮ፣ አልጋችን ተወስዶ፣ የጓሮ ድንችሽ ተቆፍሮ አገኘሁት። ማን እንደቆፈረው አይታወቅም፤ ይብላው፣ ርቦት ይሆናል። በሩን አሠርቻለሁ። ድንቹንም ዘንድሮ መልሼ ተከልሁ፤ መስመሩ ግን እንዳንቺ ቀጥ አላለም፣ ብታዪው ትነቅይው ነበር። የሠራሽበት ጤና ጣቢያ መስኮት ገብቶለታል። ወጣቶቹ ነርሶች አያውቁሽም። አሮጊቶቹ ግን መርፌ በተወጉ ቁጥር እንደ ሲስተር ማርታ ያለ እጅ የት ይገኛል ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ እጅሽ ከባድ ነበር፣ እኔ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የተገናኘነው ከባሕር ማዶ ነርስ ሆነሽ በመጣሽበት ዓመት፣ ሕፃናት ልትከትቢ ወደ ጃናሞራ ስትሄጂ ነው። እኔ የፓርኩ ስካውት ነኝና ጠመንጃዬን ይዤ እንዳደርስሽ ታዘዝሁ። ጨነቅ ከሚባለው ካምፕ ሳንደርስ ጥለሽኝ ሄድሽ፤ ክትባቱን የጫነው በቅሎ እንኳ አልደረሰብሽም። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልካችንን ከፊት ነበርሽ። ክርስትና ተነሥተሽ፣ ቆርበን ከተጋባን በኋላም ገበያ ስንወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም፣ አንቺ ፊት እኔ ኋላ። የደባርቅ ሰው ሲስቅብኝ ከርሞ፣ ሲሰለቸው ተወው።

አገርሽን የጠየቀሽ ሁሉ የለኝም የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። ጀርመን በዓለም ጦርነት ስትሸነፍ የተወለድሽበት ከተማ ለሌላ መንግሥት ተሰጠ። የወተት ጥርስሽ ሳይነቀል ከእናትሽ ጋር በበረዶ ሸሻችሁ። ባቡር ከተሳፈራችሁ በኋላ እናትሽ ጣቢያው ውስጥ የረሳችውን ብርድ ልብስ ልታመጣ፣ መጣሁ ብላሽ ወረደች። ባቡሩ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ እናትሽን ያያት የለም።

ይህን አንድ ቀን ለጎረቤታችን ለጥሩወርቅ ነገርሻት። ጥሩወርቅ ደረቷን መታች። የእናቷን ልቅሶ ያልተቀመጠች ሴት ከጎናችን እየኖረች እኛም ሰው ነን እንላለን! አለች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሴቶቹ መርዶ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። እናትሽ ከሞተች ስንት ዘመን እንደሆናት እግዜር ይወቀው፤ መርዶ ግን መርዶ ነው፣ በማለዳ ይነገራል። ነጠላሽን አዘቅዝቀው አለበሱሽ። አልቃሿ የእናትሽን ስም ጠየቀችሽና፣ አና ስትዪያት፣ ሐና እያለች ሙሾውን አወረደችው። የመጀመሪያውን ቀን ግራ ገብቶሽ እኔን እኔን ታዪ ነበር፤ ሳቅሽ እንዳያመልጥሽ ፈርቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን የጮኽሽው ጩኸት ግን ከድንኳኑ አስነሣኝ። የትንሽ ልጅ ጩኸት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፊትሽን ታጠብሽና አሁን አገር አለኝ አልሽኝ። ስሞትም እንደ እናቴ መንገድ ላይ እንዳልቀር፣ እዚሁ ደባርቅ ቅበረኝ አልሽ። እሺ አልሁ። ከአባቶቼ መቃብር ጎን ያለውን ቦታ አሳየሁሽ።

ከዚያ የኛም ጦርነት መጣ። ከሊማሊሞ ወገን መድፍ ሲሰማ ከተማው ነቅሎ ወጣ። አንቺ አላለቀስሽም፣ አልሄድም ብለሽም አላስቸገርሽም፤ የጫማሽን ማሰሪያ አጠበቅሽ። እስከ ዳባት ጥቂቱን በጋሪ፣ ጥቂቱን በእግር ሄድን። በዚያ ሁሉ መንገድ ከኋላዬ ነበርሽ፤ የጋቢዬን ጫፍ ጨብጠሽ። ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ስነሣ እንኳ አልለቅ አልሽ። ከዳባት በተሳፈርንበት አይሱዙ መኪና ላይም እንደያዝሽው ነበር። ጎንደር የተጠለልንበት ትምህርት ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ ሳንባሽ ገባ። ሐኪም አይቶሻል፣ መድኃኒትም ተገኝቷል፤ ዕድሜ ግን ዕድሜ ነው። ጣቶችሽን ከጋቢዬ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

እዚያው ጎንደር ቀበርንሽ። እድር የለ፣ ድንኳን የለ፤ ስምሽን የማያውቁ ተፈናቃዮች ተሸከሙሽ። እንባ አልመጣልኝም። ደባርቅ ስመለስ ጥሩወርቅ ልቅሶሽን አስቀመጠች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩ አለቀሰ። እኔ ተቀምጬ የድንኳኑን ገመድ አያለሁ። እግዜር ያጥናህ ይሉኛል፤ አሜን እላለሁ። ጥሩወርቅ፣ የማርታም ዘግይቶ ነው የመጣላት፣ ላንተም ይመጣል አለችኝ። እስካሁን አልመጣም።

ቃሌን አልረሳሁትም። አጽምሽን ወደዚህ ለማፍለስ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ገና ነው ልጄ፣ ጥቂት ዓመት ይቆይ አሉኝ። አባቴ፣ እኔ ጥቂት ዓመት ከየት ላምጣ? አልኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። እንግዲያው ስሞት ጎንደር ወስዳችሁ ከጎኗ ቅበሩኝ ብዬ የእድሩን ዳኛ ለመንሁት። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ቢዘጋስ? አለኝ። እውነቱን ነው። ሬሳ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ስለዚህ በቁሜ ልመጣ ነው። ሰሞኑን መንገዱ ክፍት ነው። ጎንደር ከተቀበርሽበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ክፍል ተገኝታልኛለች። ቤቱንና ድንቹን ለጥሩወርቅ አደራ ሰጠሁ። ዛሬ ጠዋት የአባቶቼን መቃብር ተሳለምሁ። በዚህ ዕድሜው ከአባቶቹ አጽም የሚሸሽ ጅል ይሉኛል፤ ይበሉ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። የቀበርንሽ ዕለት ከመቃብርሽ ስነሣ፣ ሳላስበው፣ መጣሁ አልሁሽ። ሰው ከቤት ሲወጣ እንደሚለው ነው ያልሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እናትሽ ትዝ ያለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል አልረሳኋትም፤ እስክሞትም አልረሳትም።

ነገ በማለዳ ከመናኸሪያው እሳፈራለሁ። ያንኑ ጋቢ ለብሼ ነው የምመጣው።

ባልሽ አያሌው