ከላይ የሄደውም ይቆጠራል

መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጅህ አማን ዛሬ መርሳ ይገባል።

ይድረስ ለወንድሜ ለጀብሪል። አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ነህ? ወገብህ እንዴት ሆነ? የወተት ፋብሪካው ቅዝቃዜ አሁንም ጉልበትህን ያምሃል? ኢሕሳን እንዴት ናት? ሁሪያስ ያ ሳሏ ለቀቃት? ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጣችሁ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ዒዱን በሰላም ዋልን። ማንጎው መብሰል ጀምሯል፣ ከገበያው በታች ያለው መንገድ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል።

ይህን ደብዳቤ አማን ሲመለስ ያመጣልሃል። በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አባባ አሁን አያዩም። የቀረችው ብርሃን በረመዳን መጨረሻ ሄደች። አትደንግጥ አልልህም፤ እንዴት እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጥር ላይ ወልድያ ሐኪም ቤት ወስጃቸው ነበር። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም፣ ማየት የሚፈልጉት ሰው ካለ ቶሎ ይዩት አለኝ ሐኪሙ። አባባ ማየት የሚፈልጉት ማንን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የልጅ ልጃቸውን አማንን ወደ ባሕር ማዶ የሸኙት ገና የጫማውን ክር ማሰር ሳይችል ነው። ከሐኪም ቤት እንደወጣን ልደውልልህ ስልኬን አወጣሁ፤ አባባ እጄን ያዙት።

እናንተ ጋ ያለው የኳስ ሊግ የተጀመረው ያን ሰሞን ነበር። አማን ለካውንቲው ቡድን ተመረጠ ብለህ ስትደውል፣ ካውንቲ ምንድን ነው አሉህ። እንደኛ ዞን ማለት ነው አልካቸው። ደመወዙስ ስንት ነው ሲሉህ፣ ደመወዝ የለውም፣ ሁሉም ቀን ሥራው ላይ ይውላል፣ ማታ ዝናብ ላይ ይለማመዳል፣ የሚጫወቱት ለአገራቸው ስም ነው አልካቸው። አባባም ደቦ ነዋ ታዲያ አሉህ። አንተ ስቀህ ረሳኸው። እሳቸው ግን አልረሱትም። ወልድያ ላይ እጄን ይዘው፣ ልጁ ደቦ ላይ ነው፣ ከደቦ መሀል ሰው አይጠራም፣ ሲጨርስ ይመጣል አሉኝ። አባባ፣ ዓይን እኮ እንደ እርሻ ለከርሞ አይቆይም አልኳቸው። ብትደውዪ ከቤትሽ እወጣለሁ አሉኝ። እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ስልኩን መልሼ ከተትኩት።

እንግዲህ እሁድ እሁድ አንተ ስትደውል የልብስ ስፌት ቤቴ በረንዳ ላይ የምንቀመጠው እንዲህ ሆነን ነው። እኔ ስፒከሩን ከፍቼ ስልኩን ማሽኑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ጎረቤታችን ፈንታው ባጃጁን አቁሞ ይመጣል። ኳሱ በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይመታል፣ መረብ ውስጥ ከገባ ሦስት ነው፣ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሀል ካለፈ አንድ ነው ብለህ ያስረዳኸን ቀን ትዝ ይልሃል? ፈንታው፣ እኛ ጋ ከላይ የሰደደውን ሰው ይሰድቡታል እንጂ ማን ይቆጥርለታል አለ። አባባ የተናገሩት ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ነው። ከላይ የሄደውም ይቆጠራል? ምን ያለ አዛኝ ጨዋታ ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን በሕልማቸው ያዩት ጀመር። ሱብሒ ሰግደው ሲያበቁ ይነግሩኛል። ሜዳው እናንተ ጋ አይደለም። ከመርሳ በታች ማንጎውና ብርቱካኑ የሚያልቅበት፣ ማሽላ ሲታጨድ ባዶ የሚቀረው መሬት ነው። ቋሚዎቹ ቅጠላቸው ያልተመለመለ ሁለት ባሕር ዛፎች ናቸው። ተጫዋቾቹ ሽርጥ ታጥቀዋል። ዝናብ ይዘንባል፣ የሚርስ ግን የለም። አማን ይነሳና ኳሱን እንደ ማንጎ ከላይ ይቀጥፈዋል፣ ይመታዋል፤ ኳሱ በባሕር ዛፎቹ መሀል ያልፍና ሳይወርድ ይቀራል። ሰዉ ሁሉ አንጋጦ ይጠብቃል። ፊቱን አዩት ወይ ስላቸው፣ የማየው ጀርባውን ነው፣ ሊዞር ሲል እነቃለሁ ይሉኛል።

አንዱን እሁድ አሸነፋችሁ፣ ሌላውን ተሸነፋችሁ። የአባባም ዓይን በየሳምንቱ ይጠብ ነበር። በመጀመሪያ የአማንን ፎቶ መስኮቱ ጋ አስጠግተው ያዩት ነበር። ቀጥሎ ማልያው ምን ዓይነት ቀለም ነው እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። በረመዳን አማን ጾሞ ተጫወተ ስትላቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም፣ ለኢፍጣር የቀረበላቸውን ቴምር ለአላፊ አግዳሚው አደሉት። ያን ጊዜ የሚታያቸው የበሩ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ሳለ ለምን ዘጋሽው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ በሩ ደግመው አልጠየቁኝም።

የመጨረሻው ጨዋታ ከዒድ በኋላ ያለው እሁድ ነበር። ካሸነፉ ለፍጻሜ ያልፋሉ፣ አማንም ይቆያል፤ ካላሸነፉ እረፍት አለው፣ ይመጣል ብለኸን ነበር። ፈንታው ይህን ሰምቶ፣ አባባ፣ የእርስዎ ዱዓ ይሰማል ይባላል፣ ዛሬ ይሸነፉ ብለው ይለምኑልንና ልጁን እንየው አላቸው። አባባ፣ አንተ ባለጌ፣ በሰው ልፋት ላይ ዱዓ ይደረጋል እንዴ ብለው ጆሮውን ሊቆነጥጡ እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው ያገኘው አፍንጫውን ነው። እሱኑ ቆነጠጡት። ፈንታው እንደማያዩ የገባው ያኔ ነው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አባባ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንዲያሸንፉ ለመኑ፤ እኛም አሚን አልን። አሁንማ የሚያስቸኩል ነገር የለም አሉኝ ቀስ ብለው።

የሆነውን አንተም ታውቃለህ። አማን የመጨረሻዋን ኳስ ከአግዳሚው በላይ ላካት፣ እኩል ወጡ፣ እኩል መውጣቱ ደግሞ ለፍጻሜ አልበቃም። በስልክ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው መረቡን መሞከር ነበረብኝ እያለ ሲያለቅስ፣ አባባ ተቆጠረ አይደል? አፍረህ አልወጣህም፣ ና በቃ አሉት። ማታ እኔ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። አሁን መጥቶስ ምኑን ሊያዩት ነው አልኳቸው። እጃቸውን ፊቴ ላይ አድርገው ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን ዳሰሱ። አሁን አንቺን አላየሁሽም? መረቡን ስቼ ይሆናል፣ ከላይ የሄደውም ይቆጠራል አላለም ወንድምሽ አሉኝ።

ዛሬ ፍጻሜው ነው፣ ሌሎች ይጫወቱታል። አባባ ከጠዋት ጀምሮ የላክህላቸውን የአማንን ማልያ አምጪ ብለውኝ ነበር። ጀርባው ላይ ያለው ዘጠኝ ቁጥር ለእጃቸው ልሙጥ ሆነባቸው። ስለዚህ ዙሪያውን በወፍራም ክር እየሰፋሁት ነው፣ በጣታቸው እንዲያነቡት። ክቡን ጨርሻለሁ፣ ጭራው ቀርቶኛል። ዛሬስ በሕልምዎ ዞረ ወይ ብያቸው ነበር። አልዞረም፣ ይተወው፣ ራሱ እየመጣ አይደል አሉኝ።

አማን ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ይዟል፣ አሁን ውጫሌን አልፏል። አባባ፣ እራቱን ሳይበላ እንዳትነግሪው ብለውኛል። እኔ ግን መርሳ ሳይደርስ ውርጌሳ ላይ ጠብቄ አወርደውና በፈንታው ባጃጅ ስንመጣ እነግረዋለሁ። እሱ በር ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ እሳቸው ወደ ሌላ በኩል እጃቸውን ሲዘረጉ ሳያውቅ እንዲያይ አልፈልግም። አንተንም ስለደበቅሁህ ከተቀየምክ ተቀየም፣ ግን ስትደውል እሳቸውን እንዳትቆጣቸው።

ኢሕሳንን ሰላም በልልኝ፣ ለአማን ስንቁን ስትቋጥር እኔን እንዳልረሳችኝ አውቃለሁ። ሁሪያን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ከሥራህ ያሉትን፣ ልጁን ያሠለጠኑልህንም ሰዎች ሰላም በልልኝ፤ አባባ ደቧችሁ ይባረክ ብለዋቸዋል። ፈንታውም ሰላም ይልሃል፣ አፍንጫው ድኗል።

ይኸው ፈንታው የባጃጁን ጥሩንባ እየነፋ ነው። አባባ በረንዳው ላይ ወደ መንገዱ ዞረው ተቀምጠዋል፣ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ። ማልያው ማሽኑ ላይ ነው፣ መርፌው እንደተሰካ። ስመለስ እጨርሰዋለሁ፣ ወጣሁ።

እህትህ ነሲባ አብዱልሐሊም
መርሳ፣ ሐብሩ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 20